ባለ ፌሮው ባሌ

በበሰቃ ሐይቅ ዙሪያ ፌሮ መቅበር በሕግ የተከለከለው ልጃችን ኤልዳና በተወለደችበት ዓመት ነው። ሐይቁ ጨዋማ ነው፤ በየክረምቱ ወደ መተሐራ አንድ ሁለት ቤት ይጠጋል፤ ከመሬት በታች ደግሞ በዓይን ከሚታየው በላይ ይጠጋል። ጨዉ መሠረት ውስጥ ብረት ሲያገኝ ያዝገዋል፤ የዛገው ብረት ያብጣል፤ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። ያን ጊዜ ግማሹ ከተማ ባዘመመ ቤት ውስጥ ነበር የሚኖረው። ሻይ የሚቀዳ ሰው ሁሉ በማን ቤት ብርጭቆ ወደየት እንደሚፈስ ለይቶ ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሠረት የሚሞላው በቃጫ ነው። ብረት የለም፣ ሽቦ የለም፤ ጸጉር የመሰለ ክር ከሲሚንቶው ጋር ተቦክቶ ይፈስሳል፣ ይደርቃል፣ በቃ።

ባለቤቴ ያብስራ ፌራዮ ነበር። ሙያውን ላላዩት ልጆች ልንገራቸው፤ ፌራዮ ማለት ፌሮ እየቆረጠ፣ እያጎበጠ፣ በሽቦ እያሰረ የሕንጻን አጥንት የሚሠራ ሰው ነው። ሥራው ሲከለከል ያብስራ ገና ወጣት ነበር። ከዚያ በኋላ ዓሣ ሸጧል፣ የሞተር ጎማ ጠግኗል፣ ዘበኛም ሆኗል። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት ግን እስከ ዛሬ «ፌራዮ ነኝ» ነው መልሱ። እኔ ሶልያና እባላለሁ፤ የእሱ ሚስት ነኝ። ይህ ነገር በኋላ አጠያያቂ ሆኖ ነበርና ከወዲሁ ይያዝልኝ።

የድሮው ቤታችን ያብስራ በገዛ እጁ ባሰረው ፌሮ ላይ የቆመ ነበር። ሐይቁ ሲደርስበት ሳሎኑ ወደ ምሥራቅ፣ ጓዳው ወደ ምዕራብ ሄደ። እኔ ከጓዳ ስወጣ ዳገት እየወጣሁ፣ ስገባ ቁልቁለት እየወረድኩ አንድ ክረምት ከረምኩ። ያብስራ ጥፋቱ የሲሚንቶው ነው ብሎ ሙጭጭ አለ። በመጨረሻ ከፍ ያለው ሰፈር ላይ አዲስ ቦታ ተሰጠን። ቦታው የሚጸናልን ግን የቤቱ ሰዎች በሙሉ በአዲሱ መሠረት ላይ ሄደው እግራቸውን ካስተዋወቁት ብቻ ነው፤ የዛሬ መሠረት የሚረግጠውን ሰው በክብደቱና በአረማመዱ ለይቶ ያውቃል። አባወራው ወር ሙሉ ያልገባበት ቤት ለተራ ጠባቂ ይሰጣል። ያኔ የእኛ ዕጣ ድሬዳዋ ኤልዳና ዘንድ፣ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ መሄድ ነው። ኤልዳና ጥሩ ልጅ ናት፤ ባሏም ጨዋ ነው። እኔ ግን በሰው ጓዳ የሰው ማንኪያ የት እንደሚቀመጥ እየጠየቅኩ ማርጀት አልፈልግም። ያንን ቤት እንደ ነፍሴ ነው የፈለግኩት።

መሠረቱ የተሞላ ዕለት ከመሠረት ጽሕፈት ቤት የመጣችው ባለሙያ ቦንቱ ትባላለች። ቀጭን፣ ትሑት፣ ለሁሉም ነገር ፈገግ የምትል ልጅ ናት። ያብስራ የተቆፈረውን ጉድጓድ ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን አየው።

«ፌሮው የታለ?» አላት።

«የለም ጋሼ። በቃጫ ነው የሚሞላው።»

«እና ምን ይይዘዋል?»

«ክሩ ነዋ የሚይዘው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?»

«ድር አንበሳ አስሮ ይሆናል፤ ቤት ተሸክሞ ግን አያውቅም።»

ቦንቱ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ወደ እኔ ዞሮ «ሶሊ፣ እኔ በማዳበሪያ መስፊያ ላይ አልተኛም» አለኝ። የማዳበሪያ መስፊያ የሚለው ያንን ሁሉ ክር ነው። እኔም ወደ ጆሮው ተጠግቼ ወይ እዚህ ላይ ትተኛለህ፣ ወይ ድሬዳዋ የኤልዳና ሶፋ ላይ ትተኛለህ አልኩት። ዝም አለ። እኔ ሞኟ ዝምታውን እሺታ አደረግኩት። ያብስራ ዝም ካለ እያሰበ ነው፤ ካሰበ ደግሞ አንድ ነገር መጥቷል ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ እግር ለማስተዋወቅ ስንመለስ ያብስራ ጋቢ ደርቦ መጣ። የመተሐራን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ። ሲራመድ ጉልበቱ አይታጠፍም፤ ከጋቢው ውስጥ ደግሞ ቂው ቂው የሚል ነገር ይሰማል። ወዲያው ገባኝ። ከድሮው ቤት አልጋ ሥር በዘይት ጨርቅ ጠቅልሎ የደበቃቸው ባለ አሥራ ሁለት ሚሊ ፌሮዎች ነበሩት። ቆራርጦ ከጭኑ፣ ከባቱና ከጀርባው ጋር በማሰሪያ ሽቦ ጠፍሮ አስሯቸዋል። ባሌ ራሱን እንደ ሕንጻ ምሰሶ፣ እንደ ኮለን አስሮ ነው የመጣው።

ሐሳቡን በኋላ ነገረኝ። በእሱ ዘመን ኮንክሪት እስከ ማታ ለስላሳ ነበር፤ እንጨት ብትሰድበት ይሰምጣል። እየተራመደ ሽቦውን በኪሱ በኩል እየፈታ፣ ፌሮዎቹን በሱሪው ውስጥ አንድ በአንድ ወደ ታች እያንሸራተተ በየማዕዘኑ ሊተክላቸው ነበር። ለቤቱ ከእኔም ከቦንቱም ተደብቆ አጥንት ሊያደርግለት ነበር። የዛሬው ኮንክሪት ግን አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ ደርቆ ያልቃል። ያብስራ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው፤ ድንጋይ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይግቡ ጋሼ፣ ወዲያ ወዲህ ይበሉለት» አለች ቦንቱ።

ፌሮ ይዞ የተገኘ ሰው ቦታው ይነጠቃል። ጋቢውን አውልቅ ቢባል አለቀልን። ያብስራ አየኝ፤ እኔ ደግሞ በዓይኔ ሂድ አልኩት። ሄደ። ከማዕዘን ማዕዘን፣ እግሩን ሳያጥፍ፣ ቂው ቂው እያለ።

መሠረቱ ያነበበውን ጮክ ብሎ ተናገረ። የመሠረት ድምፅ ሁሉም ቤት አንድ ነው፤ ዜና እንደምታነብ ሴት የተረጋጋ ነው። «አባወራ አቶ ያብስራ። ሰማንያ አንድ ኪሎ። ጉልበት አይታጠፍም። ሲሄዱ ድምፅ አላቸው።»

ቦንቱ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ክብደትዎ ከመልክዎ ጋር አልገናኝ አለኝ ጋሼ።»

«አጥንቴ ከባድ ነው» አላት።

ጸደቀ። ቤቱ የእኛ ሆነ።

በሰፈራችን አዲስ መሠረት አራስ ነው የሚባለው። ፀሐይ እንዳይመታው እርጥብ ጆንያ ይለብሳል፤ ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል፤ አጠገቡ አይጮህም። ጎረቤት ለጥየቃ ይመጣል። ገንፎ ይዘው ይመጣሉ፤ ኮንክሪት ገንፎ ስለማይበላ ያመጣው ሰው ራሱ ቁጭ ብሎ ይበላዋል። ክርስቲያኖቹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሉኛል፤ ሙስሊሞቹ «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» ይሉኛል፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ሻሼን አስተካክዬ አሜን እላለሁ። አንዳንዷ ደግሞ ጆንያውን ገለጥ አድርጋ መሠረቱ ማንን እንደሚመስል ትጠይቃለች። ያብስራ በዚያ ሰሞን እንደ አዲስ አባት ከሰው ርቆ ቆሞ ይቁነጠነጥ ነበር፤ የሚያቁነጠንጠው ግን ሌላ ነገር ነው።

ግድግዳውና ጣሪያው በመኪና ተጭኖ መጥቶ ከተተከለ በኋላ ገባን። እኔ ደጃፉን ስረግጥ ድምፁ በስሜ ተቀበለኝ። ያብስራ በሱሪና በሸሚዝ ብቻ ተከተለኝ።

«እንግዳ ገብቷል» አለ መሠረቱ። «አባወራው ገና አልተመለሱም።»

ያብስራ ቆመ። ተመልሶ ወጥቶ እንደገና ገባ። እንግዳ ነው። ጎኑን ይዞ ገባ፤ እንግዳ ነው። እግሩን ሳያጥፍ ገባ፤ ድምፁ ያለ አንዳች ስሜት «እንግዳው ጉልበቱን አሞታል» አለ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ብዬ ወለሉን በተረከዜ መታሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሌ ከቤት በወጣ ቁጥር ፌሮውን መታጠቅ ግድ ሆነበት። ሳይታጠቅ ከተመለሰ አባወራው አልገባም፤ አባወራው ካልገባ ቤቱ ይሄዳል። ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ ይታጠቃል፤ ግቢ ውስጥ ያለው ሽንት ቤት ሲሄድ ይታጠቃል። ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ የሚሰማው ድምፅ ዲያቆኑን ሁለት ጊዜ አሳስቶታል። የሰፈሩ ውሾች ከሩቅ ያውቁት ጀመር። እኔ ማታ ማታ ሽቦውን በፒንሳ እፈታለታለሁ፤ ጠዋት መልሼ አስራለሁ። «አጥብቂው፣ እንዲህ አይታሰርም» እያለ የፌራዮ ሙያ አስተማረኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ሳይለው አልቀረም። ጥጋበኛ ሆነ፤ ደረቱን ነፍቶ መሄድ ጀመረ። እኔ ነኝ እየሳቅኩ በሆዴ የፈራሁት።

እንደፈራሁትም ወገቡ እምቢ አለ። አንድ ቀን ከዳቦ ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ መቀመጥም መተኛትም አቃተው። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ከአንድ ዳቦ የበለጠ እንዳይሸከም ከለከለው። ፌሮውን ፈትተን እሱን በጋቢ ጠቅልለን በባጃጅ አመጣነው። «እንግዳ ገብቷል» አለ መሠረቱ፤ እንግዳውም አልጋችን ላይ ተጋደመ።

እዚህ ላይ ስለ እድር መናገር አለብኝ። እድር ማንን እንደሚቀብር አስቀድሞ ማወቅ አለበት ተብሎ የከተማው መሠረት ሁሉ ከእድር ጋር ተገናኝቷል። ቤት ውስጥ ማን እንደገባ፣ ማን እንዳልገባ ለእድሩ ሊቀመንበር ለጋሼ ኪሩቤል በየሳምንቱ ይደርሳቸዋል። በዚያ ሳምንት ስለ እኔ ቤት የደረሳቸው እንዲህ የሚል ነው፤ አባወራው አልተመለሱም፤ ያልታወቀ ቀጭን ወንድ በወይዘሮ ሶልያና መኝታ ክፍል ከሰነበተ ቆየ።

ጋሼ ኪሩቤል ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ተቀመጡ፤ ውሃ ጠጡ፤ ስለ ሐይቁ አወሩ፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወሩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«እንግዲህ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላል» አሉ። «ሶልያና፣ እኛ አንቺን በጨዋነትሽ ነው የምናውቅሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

«ሰው ይሳሳታል። ባል ሲርቅ ቤት ይቀዘቅዛል። ያም ሆኖ ግን...»

«ሶሊ! ማነው የመጣው?» አለ ያብስራ ከመኝታ ቤት።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ።

«ጭራሽ ይጣራል?» አሉ ጋሼ ኪሩቤል። በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና የመኝታ ቤቱን በር ገፉት። ያብስራ በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ያብስራ! ተመለስክ እንዴ? እሰየው። ሰውየውስ የት ገባ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ቀጭኑ።»

«እኔ ነኝ ቀጭኑ።»

«ባልየውስ?»

«ባልየውም እኔ ነኝ።»

ጋሼ ኪሩቤል ቀስ ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ከፌሮ መከልከል መጀመር ነበረብኝ። ስጨርስ ሦስቱም እንደ ሽማግሌ ሊያዝኑ ሞክረው አልቻሉም፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ወጡ። ቢስቁም ግን ነገሩ የሚያስቅ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል፤ ከወር በኋላ ቤቱ ይሄዳል።

ቦንቱን አስጠራናት። ነገሩን ስትሰማ ፈገግታዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ፤ ልትከሰን ነው አልኩ። እሷ ግን ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ ብዙ አሰበች። መሠረት አንዴ ያወቀውን ሰው በቃል አይረሳም፤ የአባወራ ስም የሚለቅቀው በሁለት ነገር ብቻ ነው።

«ወይ ትፋታላችሁ፤ ወይ ጋሼ ይሞታሉ» አለች።

ያብስራ አንድ ደቂቃ አላሰበም። «ተፋታ ከምባል ሞተ ይባልልኝ።»

የወረቀት ሞት ቀላል አይደለም። መሠረቱ የለቀስተኛ እግር ካልተሰማው አያምንም። ስለዚህ እድሩ ድንኳን ጣለ፤ ሰፈሩ በሙሉ መጣ። ንፍሮ ተቀቀለ። ሟች ራሱ ጥግ ላይ ትራስ ተደግፎ ካርታ ይጫወታል፤ ያሸንፋልም። አንዱ ተነሥቶ ያብስራ ደግ ሰው ነበር አለ። ሌላው ሲጠሩት የሚደርስ ነበር አለ። ያብስራ ካርታውን አስቀምጦ በጽሞና ማዳመጥ ጀመረ።

«ብቻ ግትር ነበር» አሉ ጋሼ ኪሩቤል።

«ግትር እንኳ አልነበርኩም።»

«ሟች አይናገርም» አሉት።

እኔ ደረቴን መታ መታ እያደረግኩ ለወጉ ልጮህ ነበር የተነሣሁት። «ያቢዬ» ብዬ ስጀምር ዞር ብሎ አየኝ። አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ቀጥኖ ወጥቷል። ያን ሁሉ ሰሞን ከብረት ጋር እያሰርኩ ስፈታው አላየሁትም ነበር፤ ሽቦውን ነበር የማየው። ለካ ሰውየው አልቋል። የውሸት የጀመርኩት ለቅሶ የእውነት ሆነና ሴቶቹ እስኪይዙኝ ድረስ አለቀስኩ። በለቅሶዬ ከሁሉ በላይ የተገረመው ሟቹ ነበር፤ እሱ ደግሞ ያለቀሰው ቦንቱ ፌሮዎቹን ጠቅልላ ስትወስድ ነው።

በማግስቱ መሠረቱ ሐዘኑን ገልጾልኝ የአባወራውን ስም ለቀቀ። ያብስራ በባዶ እግሩ፣ በሸሚዝ ብቻ፣ ደጃፉ ላይ ቆመ። መንገዱ ከደጃፉ እስከ ሳሎኑ ጥግ ነው፤ ብቻውን ሄዶ ብቻውን መመለስ አለበት። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ሄደ።

«ሃምሳ ኪሎ» አለ መሠረቱ። «ግራ እግር ይጎተታል። ትንፋሽ አጭር ነው።»

ያብስራ እዚያው ቆመ። ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ እያየ ነው። «ጮክ ብሎ ባይናገር ምን ነበረበት?» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ አንድ እርምጃ ሊጨምር ሲል ወገቡ ከዳውና እጁ አየር ላይ መያዣ መፈለግ ጀመረ። ግድግዳው ሩቅ ነው።

ሮጬ ገብቼ ክንዱን ያዝኩት።

«እትዬ፣ እንዳይገቡ! ብቻቸውን ነው!» አለች ቦንቱ። «አብራችሁ ከሄዳችሁ አብራችሁ ነው የሚያውቃችሁ። እንደ ፌሮው ነው የሚሆነው።»

ገብቶኛል። ከሰው ሁሉ በላይ የገባው ለእኔ ነው። ያብስራም «ልቀቂኝ ሶሊ፣ አታበላሺው» አለኝ። አልለቀቅኩትም። እስከ ሳሎኑ ጥግ ወሰድኩት፤ መለስኩት። መሠረቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ አመነታ።

«ሁለት ሰው ናቸው ወይስ አንድ?»

ቦንቱ አየችኝ።

«አንድ በይው» አልኳት።

«አባወራ አቶ ያብስራ» አለ ድምፁ። «አራት እግር አላቸው። አንዱ ይጎተታል።»

ጎረቤት በሳቅ ወደቀ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ባለ አራት እግሩ ይለዋል። ቤቱ ግን የእኛ ነው፤ ማንኪያዎቼንም እኔ በወሰንኩበት መሳቢያ ውስጥ አድርጌያቸዋለሁ።

እኔ ብቻዬን መግባት እችላለሁ። እሱ ግን ያለ እኔ እንግዳ ነው። ይህ ለትዳር ጥሩም መጥፎም ነገር አለው። ትናንት ከገበያ ስንመለስ ይህ ቤት በፌሮ ቢሠራ ኖሮ አለና ጀመረ፤ መንገዱን ሙሉ ቀጠለ። ደጃፉ ጋ ስንደርስ ትዕግሥቴ አለቀ፤ ክንዱን ለቅቄ ገባሁ። ጫማዬን አወለቅኩ። ሽንኩርቱን አራገፍኩ። ውጪ ቆሟል፤ አይጣራም፤ ኩራተኛ ነው። ቆይቶ ቆይቶ በመስኮቱ በኩል ድምፁን ሰማሁት።

«ሶሊ።»

«ምንድን ነው?»

«ቀድመሽ እንዳትሞቺ።»

«ለምን?»

«ደጅ ልቀር ነው።»

በባዶ እግሬ ወጥቼ ክንዱን ያዝኩት።